የዳካሩን መዝገብ ማን ዘጋው? ማንስ ከፈተው?

አንድ የሥር ዳኛ «ይህ ሰው ሊከሰስ ይገባዋል» ብሎ የከፈተውን መዝገብ፣ የበላዩ ፍርድ ቤት «የለም፣ አይከሰስም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል ወይ? ይችላል። መቻሉም ተገቢ ነው። ክስ ቀልድ አይደለማ! በሐሰት የተከሰሰ ሰው ነፃ እስኪባል ድረስ ሥራውን ያጣል፣ ጎረቤት ይሸሸዋል፣ ቤተሰቡ ስንቅ ሲያመላልስ ይደኸያል። በመጨረሻ «በነፃ ተሰናብተሃል» ቢሉት ያለፈውን ዓመት ማን ይመልስለታል? ስለዚህ በሥር ዳኛ ስህተት የተከፈተ ክስ ገና በጠዋቱ የሚዘጋበት በር መኖር አለበት።

ይህን በር እኛ የግል ፕሬስ ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ አዘጋጅ የሆነ ሰው ከማተሚያ ቤት ይልቅ በፍርድ ቤት ኮሪደር የሚታይበት ጊዜ ይበዛ ነበር። የሥር ዳኛ የተቀበለውን ክስ መልሶ የሚመረምር የበላይ ዳኛ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዋስ ፍለጋ ዘመድ አዝማድ ያስቸገረ ሰው ይነግራችኋል። ስለዚህ «የበላይ ፍርድ ቤት እጁን ይሰብስብ» የሚል ጩኸት ከእኔ አይጠበቅም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሥልጣኑስ ይኑር፤ ግን በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን ሲባል ነው የሚሠራው? ዳኛ መዝገብ የሚዘጋው ሕጉን አይቶ ነው ወይስ ቤተ መንግሥቱን አይቶ? ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባ የራቀ ነው፤ ዳካር፣ ሴኔጋል። ተከሳሹ ደግሞ የቻድ ሰው። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። እኛም እኮ በቀይ ሽብር ልጆቻችንን የቀበርን፣ ያውም ሬሳ አግኝተን የቀበርነው ዕድለኞቹ ስንሆን፣ ዋናው ሰውዬ ሐራሬ ተቀምጠዋል ሲባል ቁጭ ብለን የሰማን ሰዎች ነን። የነሱ ዳካር የኛ ሐራሬ ነው። (የውጭውን ጉዳይ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አገራችን ስገባ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።)

ሒሴን ሀብሬ ቻድን የያዘው በጁን 1982 ነው። እስከ ዲሴምበር 1990 ድረስ ስምንት ዓመት ገዛ። የሊቢያን ጋዳፊ ስለሚዋጋ አሜሪካና ፈረንሣይ ከጀርባው ቆመው ነበር። «ዲ.ዲ.ኤስ.» የሚባል የፖለቲካ ፖሊስ አቋቋመ፤ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለራሱ። በዋና ከተማው በንጃሜና፣ በፈረንሣዮች ዘመን የተሠራ አንድ የመዋኛ ገንዳ ነበር። በላዩ ኮንክሪት አልብሰው፣ ውስጡን ከፋፍለው፣ ከመሬት በታች እስር ቤት አደረጉት። ስሙን እንኳ አልቀየሩትም፤ «ላ ፒሲን»፣ ማለትም «መዋኛው» እንደተባለ ቀረ። ሀብሬ ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው የቻድ አጣሪ ኮሚሽን በ1992 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር ወደ 40,000 ገምቶታል። ቁጥሩ ግምት ነው፣ ሊከራከሩበት ይቻላል። የማያከራክረው በኋላ የተገኘው ወረቀት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ኢድሪስ ዴቢ ሲገለብጠው ሀብሬ በካሜሩን አድርጎ ዳካር ገባ። ባዶ እጁንም አልገባም፤ የመንግሥትን ካዝና አራግፎ ነው የሄደው ይላል የኮሚሽኑ ሪፖርት። ዳካር ውስጥ ቤት ሠራ፣ ወዳጅ አፈራ፣ የተከበረ እንግዳ ሆኖ ኖረ። ሴኔጋሎች እንግዳ ያከብራሉ። ክፋቱ እንግዳው ያን ሁሉ ሬሳ ጥሎ የመጣ መሆኑ ነው።

ቻድ ውስጥ ሱሌይማን ጌንጌንግ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በሀብሬ እስር ቤቶች ተንገላትቷል፤ ከጎኑ ሰው ሲሞት አይቷል። በሕይወት ከወጣ ዝም ላይል እዚያው ማለ። ወጣ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ጓደኞቹን አስተባብሮ የ792 ተበዳዮችን ቃል በወረቀት አሰፈረ። አዲሱም መንግሥት ቢሆን የሀብሬን ሰዎች ከሥልጣን አላነሣቸውም ነበርና፣ ፈርቶ ወረቀቱን ለዓመታት ደብቆ አስቀመጠው። ልብ በሉ! የመንግሥት መርማሪ ሳይሆን፣ ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ይህን ያደረገው።

በጃንዋሪ 2000 ሰባት ተበዳዮች ክሳቸውን ዳካር ላይ አቀረቡ። በሴኔጋል እንደ ፈረንሣይ ሥርዓት «መርማሪ ዳኛ» የሚባል አለ። ምርመራውን የሚመራው እሱ ነው፤ «ይህ ሰው ተከሳሽ ይሁን» ብሎ የሚወስነውም እሱ ነው። ዳኛው ዴምባ ካንጂ ይባላሉ። የተበዳዮቹን ቃል ሰሙ። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2000 ሀብሬን በማሠቃየት ወንጀል ተባባሪነት ከስሰው በቁም እስር እንዲቆይ አዘዙ። አንድ አፍሪካዊ የቀድሞ መሪ በሌላ አፍሪካዊ አገር ዳኛ በእንዲህ ዓይነት ወንጀል ሲከሰስ የመጀመሪያው ነበር። ዓለም አጨበጨበ። «የአፍሪካው ፒኖቼ» አሉት ጋዜጦቹ፤ የቺሊው ጄኔራል ፒኖቼ በ1998 ለንደን ውስጥ መያዛቸው ገና ትኩስ ወሬ ነበርና።

ከዚያስ? ከዚያማ የሴኔጋል ምርጫ ደረሰ። በማርች 2000 አብዱላዬ ዋድ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዋድ የዕድሜ ልክ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ለሃያ ስድስት ዓመት ያህል «ዲሞክራሲ» እያሉ የጮኹ፣ የታሰሩ፣ ራሳቸውም የሕግ ባለሙያ። ሥልጣን ላይ ሲወጡ ግን የሀብሬ ጠበቃ የሆኑት ሰው የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ሆነው ተገኙ። ወዲያው የንፋሱ አቅጣጫ ተቀየረ። ሀብሬ «ክሱ ይሰረዝልኝ» ብሎ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የክስ መርማሪ ችሎት አመለከተ። መጀመሪያ ከክሱ ጎን የቆመው ዐቃቤ ሕግም ዞሮ የሀብሬን ማመልከቻ ደገፈ። ዐቃቤ ሕግ ከተከሳሽ ጋር! ኧረ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ቀጥሎ የመጣውን ግን እኔ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። የሴኔጋል የዳኞች ከፍተኛ ጉባኤ ዳኛ ይሾማል፣ ያዛውራል፣ ዕድገት ይሰጣል። ሰብሳቢው ማን ነው? የአገሪቱ ፕሬዚዳንት። ይህ ጉባኤ በጁን 30 ቀን 2000፣ ማመልከቻው ገና ሳይወሰን ተሰበሰበ። ክሱን የከፈቱት ካንጂ ከምርመራው ሥራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ማመልከቻውን የሚያየው ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ ደግሞ ዕድገት ተሰጣቸው። አራት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ በጁላይ 4 ቀን 2000 ችሎቱ ውሳኔውን አነበበ፦ ክሱ ተሰርዟል።

እኔ የማንንም ዳኛ ሆድ ውስጥ ገብቼ አላየሁም። ዕድገቱ ዋጋ ነበር ብዬ አልምልም። ግን አንድ ተራ ሰው፣ ቻድ ውስጥ ወንድሙን የቀበረ ሰው፣ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ፍርድ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከነገሥታት ደጅ አለመውጣቱ መታየት አለበት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የተባበሩት መንግሥታት የዳኞች ነፃነትና የማሠቃየት ጉዳይ ልዩ ተጠሪዎች ሁለቱም ሥጋታቸውን በይፋ ገለጹ። የተሰማቸው ተራው ሰው የተሰማው ነገር ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው ምክንያት እንግባ፤ ምክንያቱ ተራ ነገር አይደለምና። ችሎቱ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሴኔጋል የፀረ ማሠቃየት ስምምነትን በ1986 አጽድቃለች፤ ነገር ግን ውጭ አገር፣ በውጭ አገር ዜጋ የተፈጸመ ማሠቃየትን እዚህ ለመዳኘት የሚያስችል ድንጋጌ በሥነ ሥርዓት ሕጋችን አልጻፍንም። ስለዚህ ሥልጣን የለንም። በማርች 20 ቀን 2001 የሰበር ፍርድ ቤቱም አጸናው።

«ሕግ በሌለበት ክስ የለም» ማለት እኮ የኛም መጠለያ ነው። ዛሬ ለሀብሬ የነፈግነውን መርህ ነገ ለራሳችን ስንፈልገው አናገኘውም። ስለዚህ የዳካር ዳኞች ሕግ ጠቀሱ ብዬ አልወቅሳቸውም። የምወቅሳቸው ግማሹን ጠቅሰው ግማሹን በመተዋቸው ነው። የሴኔጋል ሕገ መንግሥት ራሱ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአገር ውስጥ ሕግ በላይ ነው ይላል። ስምምነቱ ደግሞ አባል የሆነ አገር ተጠርጣሪው በግዛቱ ከተገኘ ወይ ይክሰስ ወይ ለሚከስ ይስጥ ይላል። ሕግ ያልጻፈው ማን ነው? መንግሥት። ሳይጻፍ በመቅረቱ የተጠቀመው ማን ነው? የመንግሥት እንግዳ። የተጎዳውስ? በረሃ አቋርጦ የመጣው ተበዳይ። መንግሥት ሥራውን ሳይሠራ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ፣ የራሱን ስንፍና ለተከሳሹ ጋሻ አድርጎ ሲያቀርብ ዳኛ ዝም ብሎ መቀበል ነበረበት?

በዚህ ላይ ፕሬዚዳንት ዋድ በ2001 «ሀብሬ አገሬን ለቅቆ ይውጣ» አሉ። እንግዲህ ዓላማው ይህ ከሆነ ምንኛ ቀላል ነበር! ሰውዬው ማንም ወደማይነካው አገር ይሄድና ጉዳዩ ያበቃል። ያዳነው የተባበሩት መንግሥታት ጣልቃ መግባት ነው። የፀረ ማሠቃየት ኮሚቴው፣ በኋላም ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን፣ «አትልቀቁት» አሉ። ዋድም እሺ አሉ።

ተበዳዮቹ ግን አልተኙም። በ2001 የሂዩማን ራይትስ ዎች ሰዎች ንጃሜና ውስጥ ባዶ ወደቀረው የዲ.ዲ.ኤስ. ጽሕፈት ቤት ሲገቡ ወለሉን ወረቀት ሸፍኖት አገኙ። የእስረኞች ዝርዝር፣ የምርመራ ቃል፣ የሞት ማስታወሻ። ወረቀቱ ሲጠና በእስር የተገደሉ ወይም የሞቱ 1,208 ሰዎች ስም፣ በድምሩም ግፍ የደረሰባቸው የ12,321 ሰዎች ስም ተገኘበት። ቅድም ያልኳችሁ ወረቀት ይህ ነው። ጨካኝ መንግሥት ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ፋይሉን ግን መጣል አይሆንለትም። የኛም ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከደርግ ቢሮዎች የሰበሰበውን ሰነድ ያስታወሰ ይህ አይገርመውም። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ የተበዳዮቹ ጠበቃ ዣክሊን ሙዴይና ንጃሜና ውስጥ ሰልፍ ላይ እያሉ በተወረወረ ቦምብ ቆሰሉ። ጥብቅናውን አልተዉም።

በዳካር የተዘጋባቸው ሰዎች ወደ ብራስልስ ሄዱ። ከተበዳዮቹ መካከል የቤልጂግ ዜግነት ያላቸው ነበሩና የቤልጂግ መርማሪ ዳኛ ጉዳዩን ያዙት፤ ቻድ ድረስ ሄደው መረመሩ፤ በሴፕቴምበር 2005 የመያዣ ትዕዛዝ አወጡ። ሀብሬ በኖቬምበር ተያዘ። አሁንስ? ያው የዳካር የክስ መርማሪ ችሎት እንደገና ተሰየመ። በ2000 «ልንከስሰው ሥልጣን የለንም» ያለው ችሎት፣ በ2005 «የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ስለሆነ አሳልፎ በመስጠቱም ላይ ሥልጣን የለንም» አለ። አይከሰስም፤ አይሰጥም። ታዲያ ምን ይሁን? ይኖራላ!

የበላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን መጥፎ የሚሆንበት ቦታ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አንድ በር ሲዘጋ «በዚህ አይደለም፣ በዚያ ግቡ» ካለ ዳኝነት ነው። ሁሉንም በር ዘግቶ ቁልፉን ከያዘ ግን ዘበኝነት ነው።

ጉዳዩ ወደ አፍሪካ ኅብረት ተገፋ። ኅብረቱ በ2006 ካርቱም ላይ የሕግ ሊቃውንት ኮሚቴ አቋቋመ፤ በጁላይ 2006 ባንጁል ላይ «ሴኔጋል በአፍሪካ ስም ትዳኘው» ብሎ ወሰነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የአፍሪካ ኅብረት በ2012 ያስመረቀው ያ ረጅም ሕንፃ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የት ነው? ከርቸሌ ላይ! ዓለም በቃኝ በነበረበት መሬት። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በ1967 ዓ.ም. ኅዳር የተረሸኑበት፣ ከዚያም ስንቱ ወጣት ገብቶ ያልወጣበት ግቢ ነው። የአፍሪካ መሪዎች ስለ ፍትሕ በሚነጋገሩበት ጊዜ ከወለሉ ሥር ያለውን ቢያስታውሱት አይከፋም።

ሴኔጋል ሕጓን በ2007፣ ሕገ መንግሥቷን በ2008 አሻሻለች። ሆኖም ገንዘብ የለንም፣ በጀት ይምጣ፣ እየተባለ ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። በ2010 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ፍርድ ቤት «አዲሱን ሕግ ወደኋላ መልሳችሁ በተራ ፍርድ ቤት ልትዳኙት አትችሉም፤ ዓለም አቀፍ ባሕርይ ያለው ልዩ ችሎት ይቋቋም» አለ። ይህ ውሳኔ ተበዳዮቹን መጀመሪያ አስደንግጦ ነበር። እኔ ግን ከዳካሩ ውሳኔ ጎን አስቀምጬ ሳየው ልዩነቱ ይታየኛል፤ ይህኛው በር ሲዘጋ ሌላውን አሳይቷል። በጁላይ 20 ቀን 2012 ደግሞ ቤልጂግ በከሰሰችው ክስ የሔጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሴኔጋል ሳትዘገይ ክሱን እንድትጀምር፣ አለዚያ ሰውየውን አሳልፋ እንድትሰጥ ፈረደ። ያን ጊዜ ዋድ በምርጫ ተሸንፈው ማኪ ሳል ገብተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2013 ልዩ የአፍሪካ ችሎቶች ዳካር ውስጥ ተከፈቱ፤ በጁን መጨረሻ ሀብሬ ተያዘ።

ችሎቱ በጁላይ 2015 ሲጀመር ሀብሬ «አላውቃችሁም» ብሎ ጮኸ። በጠባቂዎች ተይዞ ገብቶ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ለወራት አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ዘጠና ያህል ምስክሮች ፊቱ ቆመው ተናገሩ። ጌንጌንግም ከነሱ አንዱ ነበር። በሜይ 30 ቀን 2016 የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ ሰብሳቢ ዳኛ ፍርዱን አነበቡ፦ በሰው ዘር ላይ በተፈጸመ ወንጀል፣ በጦር ወንጀል፣ በማሠቃየት፤ ዕድሜ ልክ እስራት።

ሀብሬ ላይ የተጣለው ክስ በዚህ አላበቃም፣ ይግባኝ ነበረው። እኔ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም በእውነቱ ይህ ይግባኝ ነው። በኤፕሪል 27 ቀን 2017 የይግባኝ ችሎቱ ዕድሜ ልኩን አጸናው፤ ከጥፋተኝነቱ ውስጥ ግን አንዱን ሰረዘ። የሥር ችሎት ሀብሬ ራሱ አንዲት ሴት ደፍሯል ብሎ ጥፋተኛ አድርጎት ነበር። ይግባኝ ሰሚው «ይህ ፍሬ ነገር ለፍርድ በተላለፈው ክስ ውስጥ አልነበረም፤ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ተከሳሽ ያልተከሰሰበትን ሊቀጣ አይገባም» አለ። ሴትዮዋ ዋሸች አላለም፤ እንዲያውም ምስክርነቷን ውድቅ የማድረግ ጉዳይ አለመሆኑን ገለጸ። ለዚያች ሴት ግን ሕመሙ ያው ነው፤ ይህን አልክድም። ሥልጣኑ እንደሚገባ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው። ያንኑ ሥልጣን፣ በዚያው ከተማ፣ ለዚያው ተከሳሽ! የተሳሳተችዋን ክፍል ቆርጦ አወጣ፤ ሌላውን አልነካም። በመካከሉ የተዛወረ ዳኛ የለም፣ ለውሳኔው ዋዜማ የተሰጠ ሹመት የለም።

በ2000 እና በ2017 መካከል አሥራ ሰባት ዓመት አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቃላቸውን ሳይሰጡ የሞቱት ብዙ ናቸው። «በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው የዘገየው» ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሳምባው በእስር ቤት የተበላሸ ሽማግሌ ግን ቀጠሮ እየጠበቀ አይኖርም።

እስቲ ወደ ቤታችን። የኛ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተከፈተ። ዳካር የገጠማት የሕግ ክፍተት እኛን አልገጠመንም፤ በጃንሆይ ዘመን የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን፣ ያውም በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውን ጨምሮ፣ ወንጀል አድርጎት ነበር። የኛ ችግር ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ፍርድ ሳይሰሙ እስር ቤት የሞቱ ተከሳሾች አሉ፤ ፍርድ ሳይሰሙ የሞቱ እናቶችም አሉ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ብሎ በጥር ዕድሜ ልክ ሲፈርድ፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ወደ ሞት ለወጠው። በ2003 ደግሞ እስር ቤት ላሉት የሞቱ ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰላቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግን በሌሉበት ነው ሁሉም ያለፈው፤ ዚምባብዌ «አልሰጥም» ስላለች። ሐራሬ ላይ ካንጂን የመሰለ ዳኛ አልተነሣም፣ የሚሽረውም የበላይ አላስፈለገም።

ስለ ታላላቆቹ ይህን ካልኩ፣ ስለ ተራው ሰውም አንድ ነገር ልበል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለው፤ 44 ቁጥር። ዐቃቤ ሕጉ «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ አልከስም ካለ፣ ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ ለተበዳዩ የግል ክስ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ከዚያ የከበደ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይከሰስልኝ» ማለት ይችላል። ዐቃቤ ሕግ የዘጋውን ፍርድ ቤት ይከፍተዋል ማለት ነው። ስንቱ ተበዳይ ነው «ፋይሉ ተዘግቷል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የሄደው? ሠላሳው ቀን ማለፉን እንኳ የነገረው የለም። ያው ሕግ ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል፦ ሚኒስትሩ በፊርማው «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አይከሰስ» ካለ፣ ይህ የ44 በር አይከፈትም። ሕዝብ ይህን ጥቅሙን መቼ ተጠይቆ ያውቃል?

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። የበላይ ፍርድ ቤት የሥር ዳኛ የፈቀደውን ክስ ይመርምር፤ ከተሳሳተም ይሻር። ግን መዝገቡ ሳያልቅ ክሱን የከፈተው ዳኛ አይነካ፤ መዝገቡን የያዘው ዳኛም አይሾም። ተበዳዩ ከተከሳሹ እኩል ይደመጥ። ምክንያቱ ሙሉው ይጻፍ፤ ግማሹ አይደለም። የኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ የሴኔጋልም ብሎ ነበር። በ28 ቁጥር ደግሞ ማሠቃየትና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ዳኛ ወንበሩ ላይ እስከ መቼ እንደሚቆይ ማን ይወስናል? ዳካርን ያሰናከላት ይህ ነው።

ሀብሬ በኦገስት 24 ቀን 2021 ኮቪድ ይዞት ዳካር ውስጥ ሞተ። የይግባኝ ችሎቱ ለ7,396 ተበዳዮች 82 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ካሣ ፈርዶላቸው ነበር። እሱ እስከሞተበት ቀን ድረስ ከዚህ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለማንኛቸውም አልደረሰችም።